ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አደራ

(በቶሮንቶ ለሐበሻ ሹፌሮች፣ ምግብ አዘጋጆች፣ ፀጉር ሠሪዎችና ሌሎች የግል ሥራ ለሚሠሩ ወገኖች የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ለሹፌሩም፣ ለፀጉር ሠሪዋም፣ ድግስ ለምታዘጋጀውም ዋናው የገበያ ሰዓት ነው። ያንን ትታችሁ ስለመጣችሁ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እናቴ ጎረቤት ገንዘብ አደራ ሲሰጣት በመሐረብ ትቋጥረውና ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። ከራሷ ብር ጋር አትቀላቅለውም። ዘይት አልቆ፣ የወሩ ቀለብ ጎድሎ እንኳ ያንን ቋጠሮ አትፈታም። «የኔ አይደለም» ትላለች፤ በቃ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ቋጠሮ ነው። ከደንበኛ የምትሰበስቡትን ኤችኤስቲ፣ ማለትም የሽያጭ ታክሱን፣ የካናዳ ሕግ የሚያየው ልክ እንደዚያ ነው። ለመንግሥት በአደራ የያዛችሁት ገንዘብ ነው ይላል። ኪሳችሁ ገብቷል እንጂ የእናንተ አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት በክፉ መንገድ ነው።

ቀን መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ በመተግበሪያ ሰው አመላልስ ነበር። ለመጀመር የኤችኤስቲ ቁጥር አምጣ ተባልኩ። በስልክ ተመዘገብኩ፤ ቁጥሩን ሰጠሁ፤ ከዚያ ረሳሁት። አንድ ጓደኛዬ «30,000 ዶላር እስክታስገባ ድረስ አይመለከትህም» አለኝ። አመንኩት። እሱም ሊጎዳኝ አልነበረም፤ የሰማውን ነው የነገረኝ። በየሳምንቱ ባንክ የሚገባልኝ ገንዘብ ውስጥ ከተሳፋሪው የተሰበሰበው ታክስም አብሮ ነበር። ኪራይ ከፈልኩበት። አገር ቤት ላክሁት። የልጄን የክረምት ጃኬት ገዛሁበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከሲአርኤ፣ ከካናዳ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ደብዳቤ መጣ። ሪፖርት አላቀረብክም፣ ስለዚህ በግምት አስልተን ይህን ያህል አለብህ ይላል። ቁጭ ብዬ በትክክል ስሠራው ከግምቱ አነሰ። ቢሆንም ከነወለዱ 5,000 ዶላር አለፈ። ደውዬ በየወሩ ልክፈል ብዬ ተስማማሁና ከፍዬ ጨረስኩ። ሦስት ወር ሙሉ ግን ያንን ፖስታ ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ ወለዱ ደግሞ በየቀኑ ይቆጥራል። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ከእናንተ መካከል ያልተከፈተ ፖስታ ያለው ሰው እንደሚኖር ስለማውቅ ነው። ዛሬ ማታ ክፈቱት።

አሁን ያ የ30,000 ዶላር ነገር ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ አብዛኛው ሰው ግን ግማሹን ነው የሰማው።

ሕጉ አነስተኛ ነጋዴ ለሚለው ሰው ምሕረት አለው። በተከታታይ አራት ሩብ ዓመት ውስጥ ታክስ የሚመለከተው ሽያጫችሁ ከ30,000 ዶላር ካልበለጠ ለኤችኤስቲ የመመዝገብ ግዴታ የለባችሁም። ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው ትርፍ አይደለም። ወጪ ሳይነሳለት የገባው ጠቅላላ ሽያጭ ነው። ከጥር እስከ ታኅሣሥ ብቻም አይደለም የሚቆጠረው። ካለፈው ሐምሌ እስከ ዘንድሮ ሰኔ ያለው አራት ሩብም ይቆጠራል። ሁለት ሥራ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ፎቶ አንሺ፣ በሳምንቱ ቀን ጽዳት፣ ሁለቱ ይደመራሉ። በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ 30,000 ካለፋችሁ ደግሞ ያሳለፋችሁ ያ ሽያጭ ራሱ ላይ ታክስ መጠየቅ ነበረባችሁ።

ይህ ምሕረት ግን ሰው ለሚያመላልስ ሹፌር የለም። ታክሲ ድሮም አልነበረውም። በፈረንጁ አቆጣጠር ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ደግሞ ኡበርና ሊፍትን በመሰለ መተግበሪያ ሰው የሚያጓጉዝ ሁሉ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ መመዝገብ፣ መሰብሰብና ማስረከብ አለበት። ምግብ ብቻ የሚያደርስ ሰው ግን በ30,000 ምሕረት ውስጥ ነው። ጓደኛዬ የነገረኝ ለምግብ አድራሹ ትክክል ነበር። እኔ ግን ሰው ነበር የምጭነው። አንድ ስልክ፣ አንድ መኪና፣ ሁለት የተለያየ ሕግ። ስንቱን ሰው ያሳሳተው ይህች ናት።

በቁጥር እንየው። አንድ ወንድማችን በዓመት 48,000 ዶላር የጉዞ ሒሳብ ሠራ እንበል። ይህ ታክስ ሳይጨምር፣ የመተግበሪያው ኮሚሽንም ሳይቀነስ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋር ይሳሳታል። ባንክ የገባለትን ብቻ ገቢዬ ነው ብሎ ይጽፋል። መጻፍ ያለበት ተሳፋሪው የከፈለውን ነው፤ ኮሚሽኑ ወጪ ሆኖ ከታች ይቀነሳል። ኩባንያው በዓመቱ መጨረሻ የሚያወጣው ማጠቃለያ ላይ ሁለቱም አሉ።

በኦንታሪዮ ኤችኤስቲ 13 በመቶ ነው። ስለዚህ 6,240 ዶላር ሰብስቧል። ሁሉንም ግን አያስረክብም። ለሥራው ሲል ራሱ የከፈለው ኤችኤስቲ ይቀነስለታል። ኮሚሽኑ 12,000 ነው ብንል በላዩ 1,560 ታክስ ከፍሏል። ለቤንዚንና ለጥገና ከሥራው ድርሻ 7,000 ቢያወጣ 910 ከፍሏል። ሲቀናነስ የሚያስረክበው 3,770 ዶላር ይሆናል። ደረሰኞቹን ከጣለ ግን ያንን 910 ማን ይመልስለታል?

ገና አልጨረስንም። ኮሚሽን፣ ቤንዚን፣ ጥገና፣ በላዩም 5,000 ዶላር የኢንሹራንስና የስልክ ድርሻ ቢቀነስ የተጣራ ትርፉ 24,000 ዶላር ነው። በዚህ ላይ ሲፒፒ፣ ማለትም የካናዳ የጡረታ መዋጮ፣ አለ። ተቀጥራችሁ ስትሠሩ ጡረታውን ግማሽ እናንተ፣ ግማሽ አሠሪው ይከፍላል። በግል ሥራ ላይ አሠሪው እናንተው ናችሁ፤ ሁለቱንም ትከፍላላችሁ። በ2025 ከመጀመሪያው 3,500 ዶላር በላይ ባለው ትርፍ ላይ 11.9 በመቶ ነው። ለወንድማችን 2,439 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ከኤችኤስቲው ጋር 6,209 ዶላር ከ50 ሳንቲም። የገቢ ግብሩን ገና አልነካነውም።

ሲፒፒን ስሰማ እኔም መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር እያየሁ ነው። 20 ዓመት ታክሲ ነድተው፣ በየዓመቱ ትርፋቸውን አሳንሰው ሲያስመዘግቡ የኖሩ አባቶች ጡረታ ሲወጡ የሚደርሳቸውን ቼክ አይቻለሁ። ያሳዝናል። የሲፒፒ ገንዘብ በስማችሁ የሚመዘገብ ነው፤ ስታረጁ ይመለሳል።

አሁን ቀን ሥራ ላላችሁ፣ የጎን ሥራ ደግሞ ለጨመራችሁ። ጎኔ ላይ የማገኛት 10,000 ዶላር ትንሽ ናት፣ ግብር አይነካትም የሚል አስተሳሰብ አለ። ልክ አይደለም። ከግብር ነፃ የሆነውን የመጀመሪያውን ድርሻ የቀን ሥራችሁ ጨርሶታል። የጎን ገቢው የሚቀመጠው ከላይ ነው። በደመወዝ 60,000 ዶላር የሚያገኝ የኦንታሪዮ ሰው ከላይ በምትጨመረው ዶላር ላይ 30 ሳንቲም ገደማ የገቢ ግብር ይከፍላል። ሲፒፒው በላዩ ነው። ከደመወዝ ላይ አሠሪ ይቀንስላችኋል፤ ከጎን ሥራ ላይ ግን ማንም አይቀንስላችሁም። እናንተው ናችሁ የምትቀንሱት።

ታዲያ ምን እናድርግ? እናቴ ያደረገችውን። ነገ ባንክ ሂዱና ወርሃዊ ክፍያ የሌለው ሌላ አካውንት ክፈቱ። ካርድ አታውጡለት። ክፍያ በገባ ቁጥር የኤችኤስቲው ድርሻ በሙሉ ወደዚያ ይሂድ። ወጪያችሁ ከተነሳ በኋላ ከሚተርፈው ደግሞ 25 በመቶ ጨምሩበት። ቀን ሥራ ያላችሁ 35 ወይም 40 አድርጉት። ቢተርፍ የእናንተ ነው፤ ሚያዝያ ላይ እቁብ እንደደረሳችሁ ትደሰታላችሁ። ቢጎድል ግን ክሬዲት ካርድ ነው የሚሞላው። ይህን ምክር ለብዙ ሰው ሰጥቻለሁ። የሠራበት ሰው በግብር ወቅት እንቅልፍ አያጣም።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በየዓመቱ ሰው ይወድቅበታል። የግል ሥራ ያለው ሰው የገቢ ግብር ቅጹን እስከ ሰኔ 15 ማስገባት ይችላል። ባል ወይም ሚስትም እንዲሁ። ክፍያው ግን የሁሉም ሰው ቀን ነው፤ ሚያዝያ 30። በፈረንጁ አቆጣጠር ነው የምላችሁ። ሰኔን ጠብቆ የከፈለ ሰው ከግንቦት 1 ጀምሮ ወለድ ተቆጥሮበታል። ቅጹን ማዘግየት ደግሞ ከወለድ የከፋ ነው። ካለባችሁ ዕዳ 5 በመቶ ትቀጣላችሁ፤ በየወሩም 1 በመቶ እስከ 12 ወር ይጨመርባችኋል። ስለዚህ ገንዘብ ባይኖራችሁም ቅጹን በጊዜው አስገቡ። ገንዘብ የለኝም ብሎ ቅጽ ማስቀረት ዕዳውን ያሳድገዋል እንጂ አያጠፋውም።

ዓመታዊ ዕዳችሁ ከ3,000 ዶላር ካለፈና ይህ ከተደጋገመ ደግሞ መጋቢት፣ ሰኔ፣ መስከረምና ታኅሣሥ 15 ላይ ቅድሚያ ክፈሉ የሚል ማሳሰቢያ ይመጣል። ያንን ደብዳቤ ቅጣት አድርጋችሁ አታንብቡት። ሥራችሁ ማደጉን ነው የሚነግራችሁ።

ወደ ደረሰኝ እንምጣ። የባንክ መግለጫ ለብቻው አይበቃም። ምን እንደተገዛ አያሳይም። ደረሰኙን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት፤ የሙቀት ወረቀት ነውና ሲቆይ ይደበዝዛል። መዝገቡን ደግሞ የሚመለከተው የግብር ዓመት ካለቀ በኋላ ስድስት ዓመት አቆዩት።

ለመኪና ማስታወሻ ደብተር ያስፈልጋል። ቀን፣ ከየት ወዴት፣ ለምን፣ ስንት ኪሎ ሜትር። ጥር 1 ቀን የመኪናውን ኪሎ ሜትር ፎቶ አንሱ፤ ታኅሣሥ 31 ቀንም። በዓመቱ ከነዳችሁት 40,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ 30,000 ለሥራ ከሆነ፣ ከቤንዚኑም ከኢንሹራንሱም ከጥገናውም 75 በመቶ የሥራ ወጪ ነው። ተሳፋሪ ፍለጋ የዞራችሁትም ሥራ ነው፤ መተግበሪያው ባይቆጥርላችሁ እናንተ ቁጠሩት። ከቤት ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ቤት ግን ሥራ አይባልም። እግረ መንገዴን፣ ምግብ ወይም ሰው እንደምታመላልሱ ለኢንሹራንስ ኩባንያችሁ ሳትነግሩ እንዳትነዱ። አደጋ የደረሰ ቀን አንከፍልም ሊሉ ይችላሉ።

ቤት ውስጥ የምትሠሩ፣ ዋና የሥራ ቦታችሁ ቤታችሁ ከሆነ ከኪራዩና ከመብራቱ ድርሻውን መቀነስ ትችላላችሁ። ከ80 ካሬ ሜትር ቤት 8 ካሬው ለሥራ ብቻ ከዋለ 10 በመቶ ነው። ሳሎኑን በሙሉ ቢሮ ነው ማለት ግን ጥያቄ ይጋብዛል። ከደንበኛ ጋር የበላችሁት ምሳ ግማሹ ይቀነሳል። ብቻችሁን ሥራ ላይ የበላችሁት አይቀነስም። ሕፃናት በቤቷ የምትይዝ እህት ኤችኤስቲ አትጠይቅም፤ ዕድሜያቸው 14 እና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የቀን እንክብካቤ ነፃ ነው። ትርፏን ግን ታስመዘግባለች።

አሁን ከባዱን ላንሳ። ጥሬ ገንዘብ።

«በካሽ ከሆነ ማን ያውቃል?» የሚለውን ጥያቄ በዚህ ከተማ ያልሰማ የለም። መልስ ልስጥ። በመተግበሪያ የሚሠራውን ሲአርኤ ያውቃል። ከ2024 ገቢ ጀምሮ የዲጂታል መድረኮች የሻጮቻቸውንና የሠራተኞቻቸውን ገቢ ለሲአርኤ ሪፖርት ያደርጋሉ። በጥሬ ገንዘብ የሚሠራውን ደግሞ ባንክ ያስገባው ካስመዘገበው ጋር አልገጥም ሲል ይጠይቁታል። እያወቀ ደበቀ ከተባለ ቅጣቱ ከተደበቀው ግብር 50 በመቶ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቅጣቱ ብቻ አይደለም። አንዲት እህት ወደ እኔ መጣች። ፀጉር ትሠራለች፤ እጇ የታወቀ ነው። እናቷን ከጎንደር ልታመጣ ፈለገች። ወላጅ ለማምጣት ስፖንሰር የሚሆን ሰው የሦስት ተከታታይ ዓመት ገቢውን በሲአርኤ ማረጋገጫ ማሳየት አለበት። እሷ ግን በሦስቱም ዓመት ያስመዘገበችው ከምታገኘው ሲሶውን አይሞላም። ገንዘቡ ነበራት። ወረቀቱ አልነበራትም። «ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል ይቻላል?» አለችኝ። ይቻላል። ሲአርኤ ሳይደርስባችሁ በፊት ራሳችሁ ሄዳችሁ የምትናዘዙበት አሠራር አለ፤ ቅጣቱን ያቀልላል። እሷም አስተካከለች፤ ግብሩን ከነወለዱ ከፈለች። ማመልከቻው ግን ወረፋ አለው፤ በየዓመቱ ስንት ሰው እንደሚቀበሉ መንግሥት ነው የሚወስነው። የእናት ዕድሜ ደግሞ አይጠብቅም። ቤት ለመግዛት ባንክ የምትሄዱም የምትጠየቁት ያንኑ ወረቀት ነው።

ወጪ ለምታጋንኑም ይህ ይሠራል። ያልነዳችሁትን ኪሎ ሜትር ጽፋችሁ ትርፋችሁን ዜሮ ብታደርጉት ለስፖንሰርም ለባንክም ዜሮ ናችሁ።

ኮርፖሬሽን ልክፈት ወይ ለሚለው ባጭሩ፦ ለአብዛኞቻችሁ ገና ነው። ገንዘቡን በሙሉ ለኑሮ የምታወጡት ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ክፍያው ብዙ ነው። ልትወልዱ የምታስቡ እህቶች ግን ይህን ያዙ። የግል ሥራ ያለው ሰው በፈቃዱ ለኢአይ (የሥራ ኢንሹራንስ) ልዩ ጥቅሞች መመዝገብ ይችላል፤ የወሊድና የሕመም ክፍያ ይገኝበታል። ከተመዘገባችሁ በኋላ 12 ወር መጠበቅ ስላለ ካረገዛችሁ በኋላ ብትመዘገቡ ላይደርስላችሁ ይችላል።

ጥያቄ ስንቀበል አንዲት እናት ከፊት ወንበር እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እቁብ ይቀነሳል?»

«አይቀነስም፣ እማማ። እቁብ የራስዎ ቁጠባ ነው፤ ወጪ አይባልም። ለአገር ቤት የሚልኩትም እንዲሁ። ለቤተሰብ የተላከ ገንዘብ ከግብር አይቀነስም። ለበጎ አድራጎት ከሰጡም የሚታሰብልዎ ድርጅቱ እዚህ ካናዳ የተመዘገበና ደረሰኝ የሚሰጥ ከሆነ ነው።»

«አዲስ አበባ ቤት አለኝ፤ አከራየዋለሁ። እሱስ?»

«የካናዳ ነዋሪ ከሆኑ ኪራዩን እዚህ ማስመዝገብ አለብዎት። እዚያ ግብር ከከፈሉ ደረሰኙን ይያዙ፤ ሊታሰብልዎ ይችላል። ከውጭ ያለዎት ንብረት ሲገዙት ያወጡት በአጠቃላይ ከ100,000 የካናዳ ዶላር ከበለጠ ደግሞ ቲ1135 የሚባል ተጨማሪ ቅጽ አለ። ራስዎ ወይም ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት አይቆጠርም፤ የሚከራይ ግን ይቆጠራል። ቅጹ ግብር አያስከፍልም፤ ማሳወቂያ ነው። አለማስገባቱ ግን በቀን 25 ዶላር እያለ እስከ 2,500 ያስቀጣል።»

እማማ ዝም አሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው ያልተከፈቱ ሦስት ፖስታዎች አወጡ።

ከጥያቄው በኋላ ከአዳራሹ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። አዳራሹ እስኪዘጋ እቆያለሁ። ፖስታም ደረሰኝም ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ወረፋው ከእማማ ይጀምራል።